የአሸዋው ማዳበሪያና ያበጠው እጅ፦ ቤቱ ውስጥ ኩንግ ፉ ለሚለማመድ ወጣት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ማስተር፣ የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። ዕድሜዬ 21፣ ክብደቴ 60 ኪሎ ነው። ለክለብ የምከፍለው ስለሌለኝ ኩንግ ፉ የምማረው ከስልክ ቪዲዮ ነው። ማዳበሪያ ከሐይቁ ዳር ባመጣሁት አሸዋ ሞልቼ፣ ከቤታችን ጣሪያ አንጠልጥዬ እመታለሁ። እጄ እንዲጠነክር ባልዲ ውስጥ ያለ ጠጠር በጡጫ እወጋለሁ፤ ቅልጥሜን ደግሞ ከግቢያችን የባሕር ዛፍ ምሰሶ ጋር አጋጫለሁ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ በፈረስ አቋቋም፣ እግሬን ከፍቼና ጉልበቴን አጥፌ፣ እቆማለሁ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ቀኝ እጄ ከትንሿ ጣት በላይ አብጧል፤ ወጌሻ አሽቶልኝ ትንሽ ቀለል ብሎኛል። የ12 ዓመት ወንድሜም አብሮኝ ይሠራል። አሁን ያንን እጅና እግር ያለውን የእንጨት ሰው ልሠራ አስቤያለሁ። ከየትኛው እንጨት ልሥራው? ልኩስ ስንት ነው?»

ከእንጨቱ በፊት እጅህ ይቀድማል። ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደው የመዳፍ አጥንት፣ ልክ ከአንጓው ሥር፣ በጡጫ ከሚሰበሩት አጥንቶች ሁሉ የታወቀው ነው። «የቦክሰኛ ስብራት» ይሉታል፤ ደህና አድርጎ የሠለጠነ ቦክሰኛ ላይ ግን ብዙም አይታይም። ጡጫ ማረፍ ያለበት በሌባ ጣትና በመሃል ጣት አንጓ ላይ ነው፤ የእነዚህ አጥንት ወፍራምና ከእጅ አንጓ ጋር ጠበቅ ብሎ የታሰረ ነው። ጡጫው ወደ ውጭ ሲያጋድል ግን ሸክሙ ሁሉ ቀጭኑና ልል የሆነው አጥንት ላይ ይወድቃል። ጠጠር ደግሞ ጡጫህ የት እንዳረፈ አይመርጥልህም።

አሁኑኑ እጅህን ቀስ ብለህ ጨብጠው። አራቱም ጣቶች ወደ አውራ ጣትህ ሥር ማዘንበል አለባቸው። ትንሿ ጣት ጎረቤቷ ላይ ከወጣች፣ ወይም አንጓዋ ከግራ እጅህ ጋር ሲነጻጸር ጎድጉዶ ከጠፋ፣ አጥንቱ ተሰብሮ ቦታውን ለቋል ማለት ነው። ይህ ባይታይም እንኳ፣ ሁለት ሳምንት ያልጎደለ እብጠት ራጅ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን ሂድ፣ ግን በዚህ ሳምንት ሂድ፤ አጥንት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ባለበት መያያዝ ይጀምራል፣ ጠሞ ከተያያዘ በኋላ ማቃናቱ ከባድ ሥራ ነው። ወጌሻውን አልነቅፍም፤ ለተጠመዘዘ ጡንቻ እጁ የተባረከ ወጌሻ አለ። የተሰበረን ማሸት ግን የተቀራረቡትን ስብራቶች መልሶ ማለያየት ነው። በቀርከሃ ወይም በጨርቅ አጥብቆ አሥሮልህ ከሆነና ጣትህ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ማሠሪያውን ወዲያው ፈትተህ ሐኪም ቤት ግባ። በእንዲህ ያለ ማሠሪያ የተነሣ ደም እያጣ የተቆረጠ እጅና እግር አገራችን ውስጥ ጥቂት አይደለም።

ወደ ጠጠሩ እንምጣ። አጥንት በምት እየተሰነጠቀ ሲጠገን ይጠነክራል የሚለው ወሬ ከቪዲዮ ወደ ቪዲዮ ሲዞር ኖሯል። ከፊሉ እውነት ስለሆነ ነው የሚያሳስተው። ጀርመናዊው ሐኪም ጁሊየስ ቮልፍ በ1892 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው አጥንት የሚሸከመውን ጫና ተከትሎ ራሱን ይሠራል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ጫናው ቀስ በቀስ ሲጨምርና በመካከሉ እረፍት ሲኖር፣ በወራትና በዓመታት ነው። መዝለል፣ መሮጥ፣ ክብደት ማንሣት፣ የሚለሰልስ ከረጢት መምታት ሁሉም ይህንን ያደርጋሉ። አንጓህ ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) ግን የራሱ ደም ሥር የለውም፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ዛሬ በ21 ዓመትህ ምንም አይሰማህም፤ በ45 ዓመትህ እርሳስ መያዝ ሲያቅትህ ሊሰማህ ይችላል። ቅልጥምህ «አሁን አያመኝም» ካለህም ጠነከረ ብለህ አትደሰት፤ ብዙ ጊዜ የደነዘዘው ከቆዳው ሥር ያለው ነርቭ ነው። የማያመው እግር ከጊዜ በኋላ ምሰሶውን መትቶ ቢሰነጠቅም አይነግርህም።

«የሻኦሊን መነኮሳት ያደርጉት የለም ወይ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። የብረት መዳፍ የሚባለው የቆየ ልምምድ በጡጫ አይደለም፣ ላላ ባለ መዳፍ ነው፤ መጀመሪያ የሚመታው በማሾ የተሞላ የሸራ ከረጢት ነው፤ አሸዋና የብረት ፍንጣሪ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ መምህር እጁን እያየ፣ ከልምምዱ በፊትና በኋላ በዕፅዋት የተዘፈዘፈ ቅባት እየታሸ ነው። አንተ ዓመታቱንም መምህሩንም ዘለህ የመጨረሻው ባልዲ ላይ ደርሰሃል። ደግሞም ለማን ብለህ? በውሹ፣ ማለትም በኩንግ ፉ ስፖርታዊ ውድድር፣ ታኦሉ የሚባለው ያለ ተጋጣሚ የሚሠራ ቅንብር የሚዳኘው በአቋምና በእንቅስቃሴ ጥራት ነው፤ ሳንዳ የሚባለው የሁለት ሰው ግጥሚያ ደግሞ በጓንት ነው። የጠጠር ባልዲው ለሁለቱም አይጠቅምህም። ለአበባ መትከያ ስጠው።

ከረጢቱን ግን አትጣለው፤ ያልተስማማው የሞላኸው ነገር ብቻ ነው። አሸዋ በመታኸው ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል፤ ወር ሳይሞላው ታችኛው ግማሽ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ላይኛው ባዶ ቆዳ ይሆናል። ከሐይቅ ዳር የመጣው ደግሞ እርጥበት ስላለው ይሻግታል። ክብደቱም ልክ አይደለም፦ ደረቅ አሸዋ በሊትር 1.6 ኪሎ ገደማ ስለሆነ የማዳበሪያውን ግማሽ ብቻ ብትሞላ እንኳ ከ50 ኪሎ አያንስም። ለ60 ኪሎ ሰው የሚበቃው ከረጢት የክብደቱ ግማሽ፣ 30 ኪሎ ያህል ነው።

እንዲህ ሥራው። ሁለት ማዳበሪያ አንዱን በሌላው ውስጥ አግባ፤ ፀሐይ ማዳበሪያን በጥቂት ወር ስለምታደርቀውና ስለምትፈረካክሰው ከላይ ሸራ ይልበስ። የመኪና ወንበር የሚሰፉ ሰዎች ቁርጥራጭ ሸራ አያጡም። ሙሊቱ ቡትቶ ይሁን፦ የማይለበስ ሰልባጅ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ልብስ ሰፊ የሚጥለው ቁርጥራጭ። ቁልፍ፣ ዚፕና የሱሪ መንጠቆ አንድ ሳይቀር ቆርጠህ አውጣ፤ ቆዳ የሚቀደው በእነሱ ነው። ጨርቁን እየጠቀጠቅህ ስትሞላው 20 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። የቀረውን በሰጋቱራና በአሸዋ አሟላው፦ አሸዋውን አድርቀህ በሦስት በሦስት ኪሎ በወፍራም ላስቲክ ቋጥረህ፣ እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልለህ፣ መሃል ለመሃል ብቻ ቅበረው። ከዳር እስከ አሸዋው ድረስ ቢያንስ አንድ ጋት ጨርቅ መኖር አለበት። በጣትህ ስትጫነው እንደ ጭንህ ሥጋ ትንሽ ገባ ብሎ መመለስ አለበት፤ ካልገባ አላልቶ እንደገና መሙላት ነው።

ከጣሪያ ግን ዛሬውኑ አውርደው። የጭቃ ቤት ወራጅ የተሠራው ቆርቆሮውንና ራሱን እንዲሸከም ነው፤ የሚወዛወዝ 30 ኪሎ ደግሞ ዝም ብሎ እንደተንጠለጠለ 30 ኪሎ አይደለም፣ በየምቱ ሚስማሩን እየነቀነቀ ያላላዋል። ምርጊቱ መሰንጠቅ ከጀመረ፣ በክረምት ደግሞ ዝናቡ በሚስማሩ ቀዳዳ ሲገባ፣ ለእናትህ የምትሰጠው መልስ አይኖርህም። ግቢ ውስጥ ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ ትከል፤ ውፍረታቸው ከ12 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት የገቡ፣ ዙሪያቸው በድንጋይ የተጠቀጠቀ ይሁኑ። የሚቀበረውን ክፍል በተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባው፤ አለበለዚያ ምስጥ ዓመት ሳይሞላ ይጨርሰዋል። አግዳሚውን በሚስማር አትመን፣ በቡሎንና በሮንዴላ እሰረው። ግቢያችሁ ውስጥ የማንጎ ዛፍ ካለ ሥራው ይቀላል፤ እንደ ጭንህ የወፈረ፣ ያልደረቀ ቅርንጫፍ ምረጥና ገመዱ ልጡን እንዳይቆርጠው በመካከል የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አድርግበት። ገመዱ ላይ አንድ ዙር ካላማዳሪያ ብትጨምርበት ምቱን ይውጥልሃል፤ ትከሻህ ያመሰግንሃል።

እጅህ ድኖ ሐኪም እስኪፈቅድልህ ድረስ ግን ከረጢቱ የእግር ብቻ ነው። ሲፈቀድልህም በባዶ እጅ አትምታ። ከአሮጌ ነጠላ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቁራጭ ቅደድ፤ ከእጅ አንጓ ጀምረህ በመዳፍ ዙሪያ፣ በጣቶች መካከል እያሳለፍህ መልሰህ የእጅ አንጓ ላይ እሰረው። ጡጫ ስትጨብጥ ጠበቅ፣ ስትከፍት ላላ ካለ ልክ ነው።

ለቅልጥምህም ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ የሳንዳ ተጋጣሚዎች የሚገነቡት በከረጢትና በጓደኛ በሚያዝ ንጣፍ ነው። ንጣፍ ከሌለህ ሁለት አሮጌ ሸበጥ ገጥመህ በካላማዳሪያ ቁራጭ ጠፍራቸው፤ ጓደኛህ በክንዱ ሳይሆን በእጁ ጫፍ ይዞ ከፍ ዝቅ ያድርግልህ። ለርግጫ ፍጥነትና ለርቀት ግምት ከረጢቱ የማይሰጥህን ይሰጥሃል፣ ምክንያቱም ይንቀሳቀሳል።

የሐይቁ ነገር አጭር ነው፦ ተው። የጣና ዳርቻ ጥልቀት የሌለው፣ ሣርና ደንገል ያለበት ውሃ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ መኖሪያ ነው። ትሉ አይታይም፣ በቆዳ ነው የሚገባው፣ ግማሽ ሰዓት ሳትነቃነቅ የምትቆም ሰው ደግሞ ለእሱ የተመቸህ ነህ። እስካሁን ስትገባ ስለነበር፣ ባያምህም እንኳ፣ ጤና ጣቢያ ሄደህ ሰገራህን አስመርምር፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ቀላልና የታወቀ ነው። ወንድምህም ይመርመር። ወደ ዓባይ መውጫ በኩል ከሆነ የምትሠራው ደግሞ ጉማሬ አለ፤ ከጉማሬ ጋር ሳንዳ አይሠራም። የፈረስ አቋቋም ውሃ ምንም አይጨምርለትም፤ ጭቃው ጫማህን ስለሚውጠው ጉልበትህ ወደ ውስጥ መውደቁን እንኳ አታየውም። ደረቅ መሬት ላይ ቁም፤ ጉልበት የእግር ጣትን አቅጣጫ ይከተል፤ ከ30 ሰከንድ ጀምረህ ወደ ሁለት ደቂቃ አድርስ። ጭንህን ከመሬት ጋር ትይዩ ለማድረግ አትቸኩል፤ ጀርባህ ቀጥ ብሎ እስከሚቆይበት ድረስ ብቻ ውረድ።

አሁን ወደ እንጨቱ ሰው። መጀመሪያ የምጠይቅህ የምትማረው የትኛውን ስልት እንደሆነ ነው። ቪዲዮ ላይ ያየኸው ባለ ሦስት እጅና አንድ እግር ግንድ የዊንግ ቹን ነው፤ የደቡብ ቻይና፣ የጓንግዶንግ ስልት ነው። ከፎሻን ወደ ሆንግ ኮንግ የተሰደደው መምህር ኢፕ ማን ነው በሰፊው ያስተማረው። ሰፊ ርግጫና ዝላይ ያለውን ቻንግ ኳን የምትለማመድ ከሆነ ይህ ግንድ ለአንተ የቤት ዕቃ ነው። ዊንግ ቹን ነው ብትለኝ ደግሞ፣ በልማዱ ግንዱ የሚመጣው ተማሪው ባዶ እጁን ካወቀና ከጓደኛ ጋር ክንድ ለክንድ ተነካክቶ መሥራት ከለመደ በኋላ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይብሳል፦ ግንዱ ክንድ ማጠንከሪያ አይደለም። አንግልህን፣ ርቀትህን፣ እግርህ የት እንደሚቆም የሚያርምህ መሣሪያ ነው። ክንዱ ላይ ሰማያዊ ምልክት ይዞ የሚወጣ ሰው በትክክል አልሠራበትም፤ ኃይልን ማሳለፍ ሲገባው ተጋጭቷል።

ልኩን ስለጠየቅህ ልንገርህ፤ ግንዱ 22 ወይም 23 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 1.5 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ሁለቱ ላይኛ እጆች ትከሻህ ትይዩ፣ ሦስተኛው ሆድህ ፊት፣ እግሩ ደግሞ ጉልበት እንዳለው ተጠማዝዞ ከታች ይገባል። ሁለቱ እጆች ግንዱ ውስጥ ስለሚተላለፉ አንዱ ቀዳዳ ከሌላው ትንሽ ከፍ ይላል፤ አናጺህ ይህን ካላወቀ ግንዱን ያበላሸዋል። እጆቹ በቀዳዳቸው ውስጥ ላላ ብለው መንቀጥቀጥ አለባቸው፣ ሙጫ የሚባል ነገር እንዳይነካቸው። ግንዱ ራሱም ተተክሎ አይቀርም፤ ሆንግ ኮንግ ባሉት ጠባብ ቤቶች ውስጥ እንደተለመደው ከላይና ከታች በሚያልፉ፣ ለመጥ በሚሉ ሁለት አግዳሚ ጣውላዎች ላይ ይሰቀላል። ገፋ ስታደርገው ተመልሶ ይገፋሃል። መሬት ውስጥ በሲሚንቶ የተቸነከረ ግንድ ከግድግዳ አይሻልም።

እንጨት ዋንዛ ነው የሚሻለው፤ ከበሮ የሚፈለፈልበት፣ ሲደርቅ እምብዛም የማይጣመም፣ ለመጥረብ የሚመች። ውድ ነው፤ 1.5 ሜትር ጤነኛ የዋንዛ ግንድ ለጀማሪ ማዋልም ቅንጦት ነው። ጽድ ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፍ ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ግን እርጥቡን ከፈለፈልከው ሲደርቅ ከላይ እስከ ታች ይተረተራል። ለእጆቹ ብቻ ወይራ ተጠቀም፤ በደንብ አለስልሰው።

ለአሁኑ ግን የእኔ ምክር ሌላ ነው፣ ባሕር ዳር ውስጥ ደግሞ ከምንም የረከሰ፦ የባጃጅ ጎማ። የባጃጅ ጎማ የውስጥ ቀዳዳው 8 ኢንች፣ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። 15 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ቋሚ ትከልና አራት ወይም አምስት ያረጁ ጎማዎች አጥልቅበት፤ ክፍተቱን በካላማዳሪያና በጨርቅ ሙላ። ጎማ ጠጋኞች በነጻ ቢሰጡህ አይደንቀኝም፤ የሽቦ ጫፍ የወጣበትን ብቻ አትቀበል። በጎማዎቹ መካከል ሁለት አጫጭር በትሮች ብታስገባበት ለክርን፣ ለመዳፍና ለዝቅተኛ ርግጫ ጥሩ መለማመጃ ይሆንልሃል። ውፍረቱ ከዊንግ ቹን ግንድ እጥፍ ስለሚጠጋ የዊንግ ቹንን አንግል አያስተምርህም፤ አጥንትህን ግን አይጎዳም።

በትር ልትጀምር ካሰብክ ወይራ አይሁን፤ ቻይናዎቹ የሚጠቀሙበት እንጨት ለመጥ የሚል ነው፣ ወይራ ግን ከመሬት ሲጋጭ መላውን ንዝረት ወደ አንጓህ ይልካል። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣ ሽመል ይበቃሃል። በውድድር ሕግ የበትር ርዝመት ከተወዳዳሪው ቁመት አያንስም፤ አንተም ቁመትህን አሳክለው። ሽመል ሲሰነጠቅ እንደ ምላጭ ነው፤ ሁለቱን ጫፍና መሃሉን በፕላስተር ጠቅልለው፣ የተሰነጠቀውን ወዲያው ጣለው። ግቢህ ውስጥ ብቻ ሥራ፤ በምሽት በትር ይዘህ የሐይቁን መንገድ አትመላለስ፣ ምክንያቱን አንተም ታውቀዋለህ።

ወንድምህ ከከረጢቱም ከምሰሶውም ይራቅ። የ12 ዓመት ልጅ አጥንት ጫፉ አካባቢ ገና በማደግ ላይ ያለ ለስላሳ ንጣፍ አለው፤ እሱ ከተጎዳ አጥንቱ አጥሮ ወይም ጠሞ ሊያድግ ይችላል። በዚህ ዕድሜ የሚገኘው ትልቁ ሀብት መተጣጠፍ፣ ሚዛንና ቅርጽ ነው፤ ይህን ቶሎ ከአንተ ይበልጥ ይይዘዋል። ሁለታችሁም ዝላይ ሊሾ ላይ አትሥሩ። ተወዳዳሪዎች በአየር ላይ የሚሽከረከረውን ርግጫ የሚሠሩት 14 በ8 ሜትር በሆነ ለስላሳ ምንጣፍ ላይ ነው፤ እናንተ ሣር ያለበት ሜዳ ፈልጉ፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ሣሩም ስለሚያንሸራትት አትሥሩበት።

ቪዲዮ የማይሰጥህ አንድ ነገር አለ፦ አያይህም። ስልክህን ከጎንህ አቁመህ ራስህን ቅረጽና ከአስተማሪው ጋር አስተያየው፤ ለዓይን ይረዳል። ሲገፉህ ሚዛንህ ምን እንደሚሆን ግን ካሜራ አያሳይም። ስለዚህ ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው፦ በዚህ ሳምንት ራጅና የሰገራ ምርመራ፤ ጠጠርና ምሰሶ መምታት ለሁልጊዜው ይቅር፤ ከረጢቱን እንደገና ሙላ፤ እጅህ እስኪድን በአቋቋም፣ በእግርና በመተጣጠፍ ሥራ፤ ከዚያ በወር የምትከፍለው ባይኖርህ እንኳ ከአንድ አሰልጣኝ ጋር ተነጋግረህ በሳምንት አንድ ቀን ገብተህ ታረም። ሜዳ መጥረግና ሕፃናትን ማሟሟቅ በክፍያ ፋንታ የሚቀበሉ አሰልጣኞች አሉ፤ ጠይቅ። ስልቱ ዊንግ ቹን ነው ከተባልክና ግንዱን የምር ከፈለግህ፣ የባሕር ዛፉን አሁን አስቆርጠው፣ ሁለቱን ጫፍ ወፈር ባለ ቀለም ቀብተህ፣ ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርገህ ጥላ ሥር አጋድመው። እስኪደርቅ ቢያንስ ዓመት ይፈጃል፤ በየወሩ አገላብጠው።